ስንቃቸው ቃል ነበር

የኢትዮጵያና የባሕር ማዶ አገሮች ግንኙነት በተወሳ ቁጥር በቅድሚያ የሚነሡት የነገሥታት መልእክተኞች ናቸው። አፄ ዳዊት በ1402 ወደ ቬኒስ የላኳቸው መልእክተኞች ከልዩ ልዩ ገጸ በረከት ጋር ነብሮች ይዘው መድረሳቸው በዚያች ከተማ ሰነዶች ተጽፎ ይገኛል። ነብሮቹ ሳይቀሩ መዝገብ ገብተዋል። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው ባሕር ከተሻገሩት ኢትዮጵያውያን የሚበዙት ወርቅም፣ ገጸ በረከትም፣ የንጉሥ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤም ያልያዙ ሰዎች ነበሩ። በትከሻቸው አቁማዳ፣ በእጃቸው መቋሚያ፣ በአፋቸው ዳዊት ይዘው የወጡ መነኮሳት፣ መነኮሳይያትና ምእመናን ነበሩ። የእነርሱን ቁጥር ለመያዝ የተጨነቀ ጸሐፌ ትእዛዝ አልነበረም።

ለመሆኑ ገንዘብ የሌለው ሰው ከሸዋ ወይም ከላስታ ተነሥቶ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ቆጵሮስ፣ ከዚያም ቬኒስና ሮማ እንዴት ሊደርስ ቻለ? «እምነቱ አደረሰው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ መልሱ ግን ሙሉ አይሆንም። እምነት መንገድ ያስጀምራል እንጂ የመርከብ ዋጋ አይከፍልም፤ በበረሃ መካከልም የደረቀውን ቅል አይሞላም። ድሃውን መንገደኛ ያደረሱት ሦስት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው የልመናና የመንገድ ሥርዓት ነው። ሁለተኛው ቀደምት ወገኖቹ በየመዳረሻው ያቆዩለት ማረፊያ ቤት ነው። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ በገንዘብ ፈንታ የከፈለው ዕውቀቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የነዚህ የሦስቱ ታሪክ ባጭሩ ይቀርባል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመንገድ ትምህርት ቤት

በኢትዮጵያ የቤተ ክህነት ትምህርት ሥርዓት ተማሪ መሆን ማለት መንገደኛ መሆን ማለት ነው። ልጁ ከእናት ከአባቱ ቤት ይወጣል፤ ደበሎ ይለብሳል፤ አኩፋዳ ያነግታል፤ «ስለ እንተ ማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ የለመነውን ቁራሽ እየተመገበ ዜማውን ከአንዱ ደብር፣ ቅኔውን ከሌላው፣ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ከሦስተኛው መምህር ዘንድ ይቀስማል። «የቆሎ ተማሪ» የሚለው ስያሜ ራሱ ኑሮውንና ስንቁን በአንድነት የሚናገር ነው።

ይህ ሥርዓት ለተማሪው ከንባቡና ከዜማው ሌላ ያልተጻፈ ትምህርት ይሰጠዋል። በማያውቀው አገር የማንን ደጅ መምታት እንዳለበት፣ ውሻ ካለበት ግቢ እንዴት እንደሚገባ፣ በየትኛው ወር የትኛው ወንዝ እንደማይሻገሩት፣ የትኛው ስንቅ እንደማይሻግት ያውቃል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፤ እነዚህ ሁሉ እሳት ሳያስፈልጋቸው የሚበሉ፣ ሸክማቸው የቀለለ፣ ለወራት የሚቆዩ ምግቦች ናቸው። አንድ እፍኝ በሶ በውኃ ተበጥብጦ ወይም ታሽቶ የአንድ ቀን መንገድ ያስኬዳል።

ከሁሉ በላይ ግን ተማሪው የሚማረው ልመና ውርደት አለመሆኑን ነው። በዚህ ሥርዓት ለማኙና ሰጪው የሚለዋወጡት ነገር አላቸው፤ አንደኛው ቁራሽ ይቀበላል፣ ሁለተኛው ጸሎትና ምርቃት ያገኛል። ስለሆነም ተማሪው ባዶ እጁን ቢሆንም ባዶ አፉን አይደለም፤ የሚከፍለው አለው። በዚህ መልክ ያደገ ሰው መንኩሶ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ሲነሣ ከሚያውቀው ኑሮ ወጥቶ ወደማያውቀው የሚገባ አልነበረም። የለመደውን መንገድ አስረዘመው እንጂ።

የደባርዋው ጉዞ

ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደውን የየብስ መንገድ በተመለከተ ከተጻፉት ምስክርነቶች መካከል ጎላ ብሎ የሚገኘው የፖርቱጋሉ ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መጽሐፍ ነው። አልቫሬዝ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ 1526 የቆየ ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1540 ታትሟል።

እንደ እርሱ አተራረክ፣ ተሳላሚዎቹ በባሕረ ነጋሽ አገር በደባርዋ አካባቢ ይሰበሰቡና ለሕማማት ሳምንት ኢየሩሳሌም እንዲደርሱ ከጥምቀት በኋላ ይነሣሉ። አካሄዳቸው ዝግ ያለ ነው። በቀን ጥቂት መንገድ ከሄዱ በኋላ ይሰፍራሉ፤ የያዙትን ታቦት የሚያሳርፉበት ድንኳን ይተክላሉ፤ ሰዓታቱን ይቆማሉ፤ ቅዳሴውን ይቀድሳሉ። ጉዞው የሚንቀሳቀስ ገዳም ነበር ለማለት ይቻላል። ይህ ዝግታ ከስንፍና የመጣ አልነበረም፤ በመካከሉ ሽማግሌዎችና ሴቶች ስለነበሩ የሁሉም እርምጃ የሚለካው በደካማው እርምጃ ነበር።

ባለጠጋው መንገደኛ ጠባቂ ይቀጥራል፤ ድሃው መንገደኛ ግን ጠባቂው ብዛቱ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት እዚህ ላይ የጉዞ ስልት ነበር። ሆኖም ግን ሁልጊዜ አልሠራም። አልቫሬዝ በዚያው አገር ሳለ የተነሣው አንድ ጉዞ 336 መነኮሳትን የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል 15ቱ ሴቶች ነበሩ። በመንገድ ላይ ጥቃት ደረሰባቸው። ሽማግሌዎቹ ተገደሉ፤ ወጣቶቹ ተማርከው ለባርነት ተሸጡ። ከ336 ሰው መካከል ያመለጡት 15 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ተሳላሚዎች በብዛት ተሰብስበው መሄዱን ትተው በጥቂት በጥቂቱ እየሆኑ ማለፍ እንደ ጀመሩ ያው ጸሐፊ ይነግረናል።

በዚህ ዘገባ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከዚያ ጥፋት በኋላ ጉዞው አልቆመም፤ የቀየረው መልኩን ብቻ ነው። ድሩ ባብር ጊዜ ከሩቅ ስለታየ ክሩ ለየብቻው መሄድን መረጠ። የድሃ ጉዞ ርካሽ ነው ሲባል በገንዘብ ነው እንጂ በሕይወት ሲመዘን ከሁሉ የተወደደ እንደ ነበረ 321ዱ ሰዎች ይመሰክራሉ።

በመቃብሩ ደጃፍ

ነገሩን ከሌላው ዓለም ተሳላሚ ጋር ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ አንድ አውሮፓዊ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ሲያስብ ወደ ቬኒስ ይወርድና ከመርከብ አለቃ ጋር ውል ይዋዋላል። የመርከቡ ዋጋ፣ የመንገድ ምግቡ፣ በወደቡና በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ ሁሉ በአንድ ሒሳብ ይጠቃለላል። የሚላኖው ካህን ፒየትሮ ካዞላ በ1494 ለዚህ የከፈለው 60 የወርቅ ዱካት ነበር። ተሳላሚው ያለዚህ ገንዘብ ከቬኒስ ወደብ ፈቀቅ አይልም።

ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ግን ኢየሩሳሌም የሚደርሰው በእግሩ ነበር። በደረሰም ጊዜ አውሮፓውያኑን የሚያስደንቅ ነገር ይገጥመዋል፤ ሌሎቹ ወደ ጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ለመግባት በደጃፉ ላይ ሲከፍሉ እርሱ ሳይከፍል ይገባል። ይህን የመሰከሩት የዘመኑ አውሮፓውያን ተሳላሚዎች ራሳቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ ግብፅንና ኢየሩሳሌምን ይገዙ የነበሩት የማምሉክ ሱልጣኖች ከኢትዮጵያ ነገሥታት ጋር የነበራቸው ጉዳይ ቀላል አልነበረም። የኢትዮጵያ ጳጳስ የሚሾመው ከግብፅ ነው፤ የዓባይ ውኃ የሚወርደው ከኢትዮጵያ ነው፤ በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞችና በግብፅ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ዕጣ አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዘ ነው። ንጉሡ በዙፋኑ ላይ ሆኖ ያገኘውን ክብር መነኩሴው በባዶ እግሩ ቆሞ በመቃብሩ ደጃፍ ላይ ይጠቀምበት ነበር።

ይሁንና በነጻ መግባት ሌላ፣ መኖር ሌላ ነው። የኢየሩሳሌም ኢትዮጵያውያን ማኅበር ከአገር ቤት በሚላክ መባና በምጽዋት የሚኖር ነበር። ዕርዳታው ሲደርስ ይበላል፤ መንገዱ ሲዘጋ ይጾማል። ያም ሆኖ ይህ የድሆች ማኅበር በዓለም ፊት ኢትዮጵያን ወክሎ የቆመበት ጊዜ አለ። በ1441 በፍሎሬንስ በተደረገው የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ላይ የተገኙት ኢትዮጵያውያን ከአፄ ዘርአ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት የተላኩ አልነበሩም። የኢየሩሳሌሙ ገዳም አለቃ አባ ኒቆዲሞስ ከመነኮሳቱ መካከል መርጠው የላኳቸው ናቸው። የመልእክተኞቹ ቃል አቀባይ ጴጥሮስ የተባለ ዲያቆን ነበር። ባሕሩንም የተሻገሩት ሊቀ ጳጳሳቱ በላከው ፍራንሲስካዊ መነኩሴ መሪነትና በጋባዡ ወጪ ነው። ከፍሎሬንስ አልፈው ሮማንም ተሳለሙ።

ዐጽፍን መርከብ ማድረግ

ከኢየሩሳሌም ወዲያ ያለው ጉዞ የባሕር ጉዞ ነው። እዚህ ላይ የእግር ጉዞ ያበቃና የመርከብ ዋጋ ጥያቄ ይመጣል። የ14ኛው መቶ ዓመት መነኩሴ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ከነተከታዮቻቸው አገራቸውን ለቅቀው በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ አድርገው አርመን አገር ገብተው በ1352 በዚያው አርፈዋል። ገድላቸው ባሕሩን የተሻገሩት ዐጽፋቸውን አንጥፈው በላዩ ላይ ሆነው እንደ ነበር ይተርካል። የሃይማኖቱ ሰው ይህን እንደ ተአምር ያነብበዋል። የታሪክ ሰውም ቢሆን በዚህ ውስጥ አንድ እውነት ሳያነብብ አያልፍም፤ ይኸውም ገድሉን የጻፈውና የሰማው ሕዝብ የመርከብ ዋጋ ምን ያህል ከባድ ጥያቄ እንደ ነበረ ጠንቅቆ ማወቁን ነው። መርከብ ሊከፍል የማይችል ሰው በልብሱ ላይ ይሻገራል፤ ሌላ ምን አለውና?

ዐጽፍ መርከብ ሊሆንለት ያልቻለው ተራ መንገደኛ ግን በየደሴቱ የወገን ቤት ይፈልጋል። ከነዚህ አንዷ ቆጵሮስ ነበረች። በኒቆስያ ከተማ ኢትዮጵያውያን ማኅበር ነበራቸው። በዚያች ከተማ በ1509 ገደማ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደውና በላቲኖቹ ዘንድ ጆቫኒ ባቲስታ አቢሲኖ የተባለው ዮሐንስ ኋላ ሮማ ገብቶ በ1565 እስከ ኤጲስ ቆጶስነት ማዕርግ ደርሷል። የመንገደኞች ማረፊያ የነበረው ቤት ልጅ ወልዶ አሳደገ ማለት ነው።

በቬኒስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ክፍያ ተጀመረ። የዚያች ከተማ ሰዎች ነጋዴዎች ስለነበሩ ከገንዘብ ቀጥሎ የሚወዱት ነገር የመንገድ ወሬ ነበር። ኢትዮጵያውያኑ መነኮሳት ያላቸውም ይኸው ነው። በ1450ዎቹ ታላቁን የዓለም ካርታ የሠራው የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ፣ የኢትዮጵያን አውራጃዎች፣ ከተሞችና ወንዞች በእጃቸው ሥለው ያሳዩት የአገሩ ተወላጅ የሆኑ መነኮሳት መሆናቸውን በካርታው ላይ መስክሯል። ከ1519 እስከ 1524 ባለው ጊዜ ውስጥም አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የዚያው ከተማ ሰው ቶማስ፣ አንቶንዮና ራፋኤል ብሎ የሚጠራቸውን መነኮሳት እየጠየቀ፣ ከኢትዮጵያ ተነሥተው ኢየሩሳሌም የደረሱበትን መንገድ በቀን በቀን፣ በሰፈር በሰፈር ጽፎ አቆይቷል። ይህ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ1958 የታተመ ሲሆን፣ ከግራኝ ጦርነት በፊት የነበረችውን ኢትዮጵያ የከተሞችና የመንገዶች ገጽታ ለሚያጠኑ ሁሉ ዋና ምንጭ ሆኗል።

መንገዱን በእግሩ የሄደበት ሰው የለካው በእርምጃው ነበር። ቬኒሳዊው በወረቀቱ ላይ ያሠፈረው ያንኑ እርምጃ ነው። የቁራሽ ዋጋ እንዲህ ተከፈለ።

የሮማው ቤት

በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ያለባት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ዛሬም አለች። በ1480 ገደማ ሊቀ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ከነማደሪያዋ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ከኢየሩሳሌም የሚመጣው መንገደኛ በሮማ ጣሪያ አገኘ፤ ዳቦና መብራትም አገኘ። «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ» የተባለው ይህ ቤት ለድሃው ተጓዥ የመጨረሻው ማረፊያ ሲሆን፣ ለአውሮፓ ሊቃውንት ደግሞ የመጀመሪያው የግዕዝ ትምህርት ቤት ሆነ።

ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን ሮማ ሳለ መነኮሳቱ ሲጸልዩ ሰማ። ከማያውቀው ቋንቋ መካከል የሚያውቃቸው የቅዱሳን ስሞች ጆሮው ገቡ። ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ መሳሳቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ለመማር ቆርጦ ከመነኮሳቱ ዘንድ ሄደ። መምህሩ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የተባሉ ከኢየሩሳሌም የመጡ ተሳላሚ ነበሩ። በ1513 መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ፊደል በሮማ ታተመ። በኢትዮጵያ ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው መጽሐፍ ይህ ነው። የኢትዮጵያ የኅትመት ታሪክ የተጀመረው በቤተ መንግሥት ትእዛዝ ሳይሆን በአንድ ተሳላሚ ምላስ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከዚያ በኋላ አገር ቤት ጦርነት ሆነ። ደብረ ሊባኖስ በ1531 ተቃጠለ። ከዚያው ገዳም የወጡት አባ ተስፋ ጽዮን በ1530ዎቹ በኢየሩሳሌም በኩል ሮማ ገቡ። በአገራቸው መጻሕፍት በእሳት ሲጠፉ ያየ ትውልድ ልጅ ነበሩና፣ በሮማ ያገኙት የኅትመት መኪና ከሌላው ሰው በተለየ ሁኔታ ሳይታያቸው አልቀረም። ሊቀ ጳጳሳቱንና ባለጠጎቹን ደጅ ጠንተው፣ ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ ከተባሉ ሁለት ወንድሞች ጋር ሆነው በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ፊደል ለቃሚዎቹ ግዕዝ አያነብቡም፤ መነኮሳቱም የኅትመት ሥራ አያውቁም ነበር። በእጃቸው የነበረው የግብረ ሐዋርያት ቅጂ ጎደሎ ስለሆነባቸውም የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ እየተረጎሙ ሞሉት። ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀው አስፍረዋል። ወጪው በሙሉ የተገኘው በልመና ነው፤ ያው የቆሎ ተማሪው ልመና፣ ደጁ ብቻ ከፍ ያለ።

አባ ተስፋ ጽዮን በ1552 በቲቮሊ አረፉ። በዚያው ዓመት ተማሪያቸው ማርያኖ ቪቶሪ የግዕዝን ሰዋስው በላቲን ጽፎ በሮማ አሳተመ። በአውሮፓ ከታተሙት የግዕዝ ሰዋስው መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው።

አባ ጎርጎርዮስ

የዚህ ታሪክ ትልቁ ምዕራፍ የሚከፈተው በዚያው ቤት በ1649 ነው። ወጣቱ ጀርመናዊ ሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ለቅሞ ለብቻው ተምሮ ሮማ ሲገባ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን ፈልጎ አገኘ። ከመካከላቸው የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። አባ ጎርጎርዮስ አፄ ፋሲለደስ ካቶሊኮችን ከአገር ባስወጡ ጊዜ አብረው የተሰደዱ፣ እስከ ሕንድ ደርሰው የተመለሱ መንገደኛ ናቸው።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጠርቷቸው፣ መንገዱንም እርሱ ችሎላቸው፣ የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ጀርመን ገቡ። በመስፍኑ ግንብ ውስጥ ለጥቂት ወራት ተቀምጠው ሉዶልፍ ስለ አገራቸው የጠየቃቸውን ሁሉ መለሱ፤ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ወንዞቹ፣ ስለ አራዊቱ፣ ስለ ሕግና ልማዱ፣ ከሁሉም በላይ ስለ አማርኛ። ሉዶልፍ በ1661 የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት አባት እየተባለ የሚጠራው ይህ ሊቅ የኢትዮጵያን ምድር አንድ ቀን እንኳ አልረገጠም። አገሪቱን ያየው በአንድ ስደተኛ መነኩሴ ዓይን ነው፤ አማርኛንም የሰማው ከእርሳቸው አፍ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲሉ በ1658 በእስክንድሮና ወደብ አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። የሰማቸውን ቋንቋ ሉዶልፍ በመጽሐፍ አኖረው፤ ተናጋሪውን ግን ባሕር ወሰደው። ለሉዶልፍ ክብር ሲባል አንድ ነገር መጨመር ያሻል፤ ባለውለታውን አልደበቀም። ስማቸውን በመጽሐፎቹ ደጋግሞ ጠርቷል፤ ምስላቸውም ተቀርጾ ታትሟል። ከርሳቸው በፊት ላለፉት ብዙዎች ይህ ዕድል አልደረሳቸውም።

ቤት ሲፈርስና ሲሠራ

የድሃ መንገድ በቤት ላይ የቆመ ነው ብለናል። ቤቱ ሲናጋ መንገዱም ይናጋል። በ17ኛው መቶ ዓመት በኢየሩሳሌም የነበሩት ኢትዮጵያውያን የተጣለባቸውን ግብር መክፈል ስላቃታቸው ከይዞታቸው ብዙውን አጡ። የቀረላቸው በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የሚገኘው ዴር ሡልጣን ነው። የዕለት ምግባቸውን ከአርመኖች ገዳም እየተቀበሉ የኖሩበት ዘመን ነበር። በ1838 በከተማይቱ የገባው ወረርሽኝ መነኮሳቱን ከጥቂቶች በቀር ፈጃቸው፤ ቤተ መጻሕፍታቸውም ተቃጠለ። የተቃጠለው ብራና በየመንገደኛው ትከሻ ላይ ሆኖ በረሃ ያቋረጠ ብራና ነበር። የዴር ሡልጣን ባለቤትነት ክርክርም እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ከዚህ ሁሉ መከራ የተገኘው ትምህርት፣ በምጽዋት ብቻ የሚኖር ቤት ምጽዋቱ በተቋረጠ ቀን እንደሚወድቅ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በኢየሩሳሌም ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውጭ መሬት አስገዝተው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀመሩ፤ ሥራውም በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 ተፈጸመ። እቴጌ ጣይቱና ሌሎች መኳንንትና ወይዛዝርትም በከተማይቱ ቤቶች አሠሩ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1920ዎቹ በነቢያት ጎዳና ላይ ያሠሩት ሕንጻ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከነዚህ ቤቶች በርከት ያሉት ለኪራይ የታሰቡ ነበሩ፤ የኪራዩ ገቢ ለመነኮሳቱ ቀለብና ለተሳላሚው መቀበያ ይውላል። በሌላ አነጋገር፣ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ከደጅ ደጅ ሲለመን የኖረው ቁራሽ ቋሚ ገቢ ተተከለለት።

በዚያው ዘመን መንገዱም ተለወጠ። የስዌዝ ቦይ በ1869 ተከፈተ። የምድር ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከደባርዋ ወራት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በባቡርና በእንፋሎት መርከብ ወደ ሳምንታት አጠረ። የአዲሱ መንገድ ጠባይ ግን ከአሮጌው የተለየ ነው። በረሃው ጽናት ይጠይቅ ነበር፤ ባቡር ጣቢያው የሚጠይቀው ቲኬት ነው። በመቋሚያና በበሶ ኢየሩሳሌም መድረስ ይቻል የነበረው ሰው በጂቡቲ ወደብ ላይ ገንዘብ ከሌለው አንድ እርምጃ አይራመድም። መንገዱ ለሰው ሕይወት ደኅና ሲሆን ለድሃ ጠበበ።

የማን ውለታ?

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛው፣ ድሃው መንገደኛ ብቻውን ተጉዞ አያውቅም። እርሱ ከመድረሱ በፊት ሌላ ድሃ ቀድሞት ደርሶ ምንጣፍ አንጥፎ ቆይቶታል። የኢየሩሳሌሙ፣ የቆጵሮሱና የሮማው ቤት የነገሥታት ስጦታ ወይም የጳጳሳት ችሮታ ቢመስልም፣ ስጦታው የተገኘው ቀድመው በደረሱትና አንለቅም ብለው በቆዩት ሰዎች ትዕግሥት ነው። ባዶ ቤት ለማንም አይሰጥም፤ የሚሰጠው ደጅ ለሚጠና ነው።

ሁለተኛው፣ የዚህ መንገደኛ ጉዞ በነጻ የተደረገ ጉዞ አይደለም። በአውሮፓ ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ኢትዮጵያን የሚመለከተው ክፍል በየት ተጀመረ ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ በአንድ በኩል የሊቃውንቱን፣ በሌላው በኩል የመንገደኞቹን ስም መጥራት አለበት። ፖትከን ሲጠራ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል፣ ቪቶሪ ሲጠራ ተስፋ ጽዮን፣ ሉዶልፍ ሲጠራ ጎርጎርዮስ አብረው ይጠሩ። በፍራ ማውሮ ካርታ ላይ ወንዞቹን የሣሉት እጆች ግን ስም የላቸውም። በደባርዋ ተነሥተው በመንገድ የቀሩት 321ዱም እንዲሁ።

ባለጠጋው ተሳላሚ 60 ዱካት ከፍሎ ሄደ፤ ደረሰኙንም ተቀበለ። ድሃው ተሳላሚ ቋንቋውን፣ የአገሩን ካርታ፣ የዳዊቱን ዜማ ከፍሎ ሄደ። የእርሱ ደረሰኝ እነዚያ መጻሕፍት ናቸው፤ በላያቸው ላይ የተጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተቀባዩ ስም ነው።